ሰንበቴ ላይ የጮኸው ስልክ

ዓይናለም የአያ በላይነህን ድምፅ ስትሰማ ከኮምፒውተር ክፍሉ በር ጀርባ ተለጠፈች። «የጓንጉል ልጅ! እዚህ ነሽ እንዴ?» ብለው በተማሪው ፊት እንዳይጠሯት ፈርታ ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ ማለት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ከጉና ተራራ ሥር ካለ ገጠር መምጣቷን ከክፍሏ የምታውቅ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ የአያ በላይነህ ልጅ ደሳለች። እሷም ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

«መልቀቂያዋን ይስጡኝ» አሉ አያ በላይነህ ለመምህር እሸቴ። «ልጄን ወደ ቤቷ ልወስዳት ነው።»

«ምነው አባቴ? ጎበዝ ተማሪ ናት እኮ።»

«ጎበዝማ ከሆነች ሦስት ቀን የት ዋለች? ትናንት ከቅዳሴ ወጥተን ሰንበቴ እንደተቀመጥን ስልኬ ጮኸ። ከትምህርት ቤት ነው ሲባል እንደ ወጋችን ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትነው። ደግ ወሬ መስሎኝ! ‹ልጅዎ ደሳለች በላይነህ በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት ቀርታለች› አለች አንዲት ልጅ፣ ኮስተር ብላ። ቄሱ ሰሙ፤ አማቾቼ ሰሙ። ከተማ የሰደዳት ሴት ልጁ የት ውላ የት ታድር ይሆን የማይል ማን አለ?»

«ትኩሳት ጥሎኝ ነው፣ አባየ» አለች ደሳለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

«እኔማ አምንሻለሁ። ለሰንበተኛው ሁሉ በየቤቱ እየዞርሁ ልንገር?»

ኮስተር ያለችው ልጅ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር።

መሣሪያውን የሠራችው ዓይናለም ናት፤ ስሙንም «አብሳሪ» ብላዋለች። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ኮምፒውተሩ ራሱ ይደውላል፤ በእሷ ድምፅ መልእክት ይናገራል፤ «ልጄ ዛሬ መጥታለች?» ብሎ ለሚጠይቀውም ይመልሳል። እሑድን የመረጠችው ገበሬው ቤቱ የሚውልበት ቀን መሆኑን ስለምታውቅ ነው። ድምፅዋን ግን እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ አስመስላ ስለቀዳችው የገዛ አገሯ ሰው እንኳ አልለያትም።

የሚያቃጥላት ሌላ ነው። ከወር በፊት መሣሪያውን ለክፍሉ ስታሳይ ደሳለች እጇን አውጥታ ነበር። «እኛ ዘንድ ስልክ ለብቻ አይሰማም። የትምህርት ቤት ከሆነማ ጎረቤት ይጠራል። የልጁ ጉዳይ ባይነገርበት አይሻልም?»

«ፋራ! ለበሬውም አሰሙታ!» አለች የዓይናለም ጓደኛ ትዝታ ከኋላ ሆና። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ዓይናለም ናት፤ የገዛ እናቷም ስልክ ሲደወል ጎረቤት እንደምትጠራ እያወቀች። «እውነት እንዲህ ነው? የሚያውቅ አለ?» ብለው መምህር እሸቴ ሲጠይቁ አቀርቅራ ኪቦርዱን መነካካት ጀመረች። ደሳለች አንድ ጊዜ አየቻትና ተቀመጠች።

«እሺ፣ መልቀቂያው ሐሙስ ይደርሳል» ሲሉ አሁን ከበሩ ወዲያ ተሰሙ መምህሩ፣ ደክሟቸው።

ደሳለች ጓዟን አንጠልጥላ ስትወጣ በሩን ገፋ አደረገችውና ከዓይናለም ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ዓይናለም ስድብ ጠበቀች፤ እንዲያውም ተመኘች። ደሳለች ግን ከእሷ ተውሳው የነበረውን የፊዚክስ ደብተር ከጓዟ አውጥታ አጠገቧ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችላትና አባቷ ዞር ሳይሉ ተከተለቻቸው። ዓይናለም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«መምህር፣ አብሳሪን እንዝጋው» አለች ሰዎቹ ከራቁ በኋላ።

«የምታሳዪበት አውደ ርዕይ ቅዳሜ ሆኖ? ወላጁ ብቻውን ሲሆን የሚነካው የምስጢር ቁጥር እንጨምርበትና ይስተካከላል።»

«እሱስ ይስተካከላል። እኔ ግን አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ስልክ እንዴት እንደሚሰማ። የጉና ልጅ ነኝ፣ መምህር። ደሳለች ስትናገር እውነቷን መሆኑን እያወቅሁ ነው የሳቅሁት።»

መምህር እሸቴ አባትና ልጅ ወደሄዱበት በር ተመለከቱ። «ታዲያ ይህን የምትነግሪው ለእኔ ነው?» አሏት።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ስልኳን ስታወጣና ስትመልስ ዋለች። ረቡዕ ሚካኤል ነበር። እነሱ አገር በሚካኤል እርሻ የለም፤ የማኅበሩ ጽዋ ደግሞ በዚህ ወር የእናቷ ተራ መሆኑን ታውቃለች። በእረፍት ሰዓት ከትዝታ ጋር ግንቡ ላይ እንደተቀመጠች ደወለች። ራቅ ብላ ልታወራ ብድግ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«ዓይኔ! ቆይ ልክፈተው፣ ሁሉም ናፍቆሻል!» አለች እናቷ። ወዲያው «እንዴት ነሽ ልጄ!» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ወጣ። ትዝታ አፏን ከፍታ ቀረች።

«እማየ፣ አያ በላይነህ አሉ?»

«አሉ፣ ከቄሱ ጎን። ምነው ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ? ልዝጋውና ለብቻችን እናውራ እንዴ?»

ዓይናለም ትዝታን አየት አደረገች። አዎ ብትል እናቷ በአንድ ጣት ትዘጋላት ነበር።

«አትዝጊው፣ እማየ» አለች። «ሁሉም ይስማ። እሑድ ሰንበቴ ላይ የተናገረችው ልጅ እኔ ነኝ። ደሳለች ታማ ተኝታ ነበር፤ እኔ ለምን እንደቀረች ሳልጠይቅ ነው መልእክቱን የላክሁት።»

 ዓይናለም በደሳለች ላይ የሳቀችበትን ቀን ከመጀመሪያው ጀምራ፣ በገዛ አገሯ አነጋገር መናገር ቀጠለች።