የረቡዕ ጨው

ራዶዬ የሱፍ ካልሲውን አድርጎ ይሆን?

የሰርቢያዊቷ የስታሜንካ ሐሳብ እሱ ዘንድ ነው። የልጅ ልጇ ከድሪና ወንዝ ዳር፣ ከሰርቢያ ድንበር ላይ ዘብ ቆሟል። እሷ ደግሞ ቪየና፣ በኦስትሪያው ጦር ኤታማዦር ሹም ማድ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ቢላ ይዛ ቆማለች።

አንዱ ትልቅ። አንዱ ትንሽ።

ከግቢው ቢላ የሚስለው ሰው መንኮራኩሩን ያሽከረክራል። ቤልግሬድ ላሉት አለቆቿ ስሙ «ሞረድ» ነው፤ የእሷ «ዋኔ»። በዚህ ቤት ግን ቦዜና ትባላለች፤ የቼክ ተወላጅ፣ ወጥ ቤት፣ ካቶሊክ። ስለላ የገባችው ለአገር ፍቅር ነው ብትል ውሸት ነው። ያ ልጅ እንዳይሞትባት ብላ ነው።

ምልክቱ ቀላል ነው። ጄኔራል ቴርንበርግ ነገ በንጉሠ ነገሥቱ ሸንጎ «ጦርነት» የሚሉ ከሆነ ትልቁ ቢላ ይቀድማል። ያን ጊዜ ሞረድ ከሹመታቸው እንዲወርዱ ገመናቸውን በጋዜጣ ያወጣል፤ ሐሙስ ሐሙስ በጓሮ በር የምትገባ አንዲት ባለትዳር አለች። ይህን የነገረችው ራሷ ስታሜንካ ናት። «አይሆንም» የሚሉ ከሆነ ግን ትንሹ ይቀድማል፤ ሰውዬውም አይነኩም። ሞረድ መስቀል ይዞ ምሎላታል።

«ምነው እትዬ፣ ቢላውን አቅፈሽው ልትተኚ ነው?» አለ ጎረቤት እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

«ምን አስቸኮለህ? አንተ የሳልኸው እንደሆነ ቅቤም አይቆርጥ!»

ዛሬ ምሳ ላይ ጄኔራሉ ለእህታቸው ጮክ ብለው ሲናገሩ በጆሮዋ ሰምታለች። «መቶ አለቃ ሳለሁ ቦስኒያ ውስጥ መንደር አቃጥዬ ተሾምሁ። ከዚያ ወዲህ የወጣሁበት መሰላል ሁሉ ያው ጭስ ይሸታል። አሁን ግን ይበቃል። ነገ አይሆንም እላለሁ። ምክትሌ ሊንዳወር ይህን እንዳይሰማ፤ ያ ሰው ጦርነቱን እንደ ሠርግ ነው የሚጠብቀው።»

ትንሹን ቢላ ሰጠችው።

ሞረድ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ፈገግ አለ።

ራዶዬ ዳነ፣ አለች በልቧ። እግዚአብሔር ይመስገን።

በማግስቱ ጠዋት ግን ጋዜጣው የባለትዳሯን ወሬ ይዞ ወጣ።

ስታሜንካ ወደ መስኮቱ ሮጠች። ከደጅ ሠረገላ ቆመ። ኮሎኔል ሊንዳወር ወረደ። ከኋላው ቁልፉ የሚያብረቀርቅ ካፖርት የለበሰ መኮንን ተከተለው። አውራ ጣቱ በብረት ብናኝ ጠቁሯል።

ሞረድ።

ኮሎኔሉ ወደ ፎቅ ወጣ። ሞረድ ወደ ማድ ቤቱ ዞረ።

«አንተ! መስቀል ይዘህ ምለህ!»

«ቀስ በይ እትዬ። ለቤልግሬድ እምላለሁ፣ ከሊንዳወር እበላለሁ። ሽማግሌው በሸንጎ ምን እንደሚሉ ቀድመን ማወቅ ነበረብን። ጦርነት ቢሉ ኖሮ ማንም አይነካቸውም ነበር።»

«ልጅ አለኝ እኮ! ድንበር ላይ!»

«የሌለው ማን አለ? ከምሳ በፊት ከዚህ ጥፊ። ከዚያ ወዲያ አላውቅሽም።»

ሄደ።

የሥጋው መረቅ ይንተከተካል። ጄኔራሉ ከፎቅ ወረዱ። ሰይፋቸው ወገባቸው ላይ የለም፤ አርባ ዓመት የታጠቁትን ከነሹመቱ ለምክትላቸው አስረክበውታል። ገብተው የማያውቁበት ማድ ቤት ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው አይደል ቦዜና? እንግዲህ መረቁ ጨው የጎደለው አልጫ ነው ማለት ነው።»

ስታሜንካ ከምድጃው ዞረች።

«አርብ ሁላችንም እንጾማለን። ረቡዕ ሥጋ የማይቀምስ ካቶሊክ ግን አላየሁም። ቦስኒያ ቤት ያከራዩኝ ባልቴት ነበሩ፣ እንዳንቺ ኦርቶዶክስ። የእሳቸውም ጨው ረቡዕ ረቡዕ ይሳሳት ነበር።»

«ካወቁብኝ... ለምን ዝም አሉኝ፣ ክቡርነትዎ?»

«ጦርነት እንደማልፈልግ ወገኖችሽ ይስሙት ብዬ ነዋ! ያን ያህል የጮኽሁት ለእህቴ መሰለሽ? እህቴ እኮ ደንቆሮ ናት፤ መድፍ ቢተኮስም አትሰማ።» ሳቅ አሉ። ወዲያው ፊታቸው ጠና። «አደረስሽልኝ?»

ለማን እንዳደረሰችው ልትነግራቸው አፏን ከፈተች።

መልሳ ገጠመችውና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ተመስገን» አሉ። «ከንቱ አልቀረሁም።»

ስታሜንካ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ማንኪያውን አነሳች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያልሻረችውን ረቡዕ ሻረች፤ ቀመሰች። ጨው ጨመረች። ደግማ ቀመሰች። ጣዕሙ ልክ ሆነ።

ሳህኑን ከፊታቸው አኖረች። ሽርጧን ምስማሩ ላይ ሰቀለች። ሽማግሌው አንድ ማንኪያ ጎረሱና ቀና አሉ፤ የረቡዕ ጨው ልክ ሲሆንላቸው የመጀመሪያው ነው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ሻሏን ተከናንባ፣ ምንም ሳትል ከቤቱ ወጥታ፣ ቅርጫት አንጠልጥለው ወደ ገበያ ከሚወርዱት ወጥ ቤቶች መካከል ገባች።