ዘቢዳር በአንድ ቀለም

ሕይወት ቲሸርቱን ከሳፋው አውጥታ ስትጨምቀው ላዩ ላይ የታተመችው ፀሐይ ግማሿ መዳፏ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ዘርግታ አየችው። የዘቢዳር ተራራ ከጫፉ ተላቅቋል፤ «ቡታጅራ» ከሚለው ጽሑፍ በወጉ የሚነበበው «ጅራ» ብቻ ነው።

ናሙና ነበር። ሕይወትና ጓደኛዋ ሰፍያ ቲሸርት እያተሙ ለመሸጥ ከወሰኑ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራቸውን የሰጣቸው የትምህርት ቤታቸው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ነው። ወልቂጤ ላይ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ይለብሱታል። ናሙናውን የሠሩት በሰፍያ ወንድም በሸረፋ ፎቶ ቤት ነው። እዚያ ሥዕሉ ከኮምፒውተር ወረቀት ላይ ይወጣና በጋለ ማሽን ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ቶሎ ያልቃል፤ ቀለሙም እንደ ልብ ነው።

ሰፍያ ስትመጣ ሕይወት ቲሸርቱን አሳየቻት።

«አታካብጂው» አለች ሰፍያ። «ውድድሩ እስኪያልቅ ከቆየ ምን አለበት?»

«ሸዋዬ ምን ትለናለች?»

ሸዋዬ የቡድኑ አምበል ናት። ሰፍያ እውነቱን ተናገረች። ናሙናው ታጥቦ ምንም እንዳልሆነ ለሸዋዬ ቀደም ብላ ነግራታለች። ሥራው እንዳያመልጣቸው ፈርታ ነው። ሕይወት በጣም ተናደደች፤ ሳፋውን ደፋች።

የሕይወት አጎት ፈቃደ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል። በሥራ ክፍሉ ውስጥ ስስ ወንፊት ጨርቅ የተወጠረበት የእንጨት ፍሬም አለው። ከሥሩ ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት ወረቀት ይደረጋል፤ ቀለሙ በጎማ ሲጠረግ በክፍቱ ቦታ ብቻ ያልፍና ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል። ሕይወት አጎቷን አስፈቅዳ ሰፍያን ወደዚያ ወሰደቻት። ሰፍያ ግን አልወደደችውም። ቲሸርቶቹን አንድ በአንድ ማተም፣ ያውም በአረንጓዴ ብቻ፣ ፋራ ነገር መሰላት።

መጀመሪያ የሕይወት አሮጌ ቲሸርት ላይ ሞከሩ። ቀለሙ በዛና ተራራው ጆንያ መሰለ። ደግመው ሲሞክሩ ደግሞ እዚህም እዚያም ሳይነካው ቀረ። ሰፍያ ሳቀች። ሕይወት ግን ጎማውን እየጠረገች፣ እጇን ጠበቅ ላላ እያደረገች ስትሞክር ቆየች። ሰፍያም ሳቋን ተወችና መቀሱን አነሳች። ቀጫጭኑን መስመር ሁሉ ትታ ተራራውን በትልቁ ቆረጠችው። ከዚያ ትንሽ ክብ ወረቀት በተቆረጠው ክፍተት መሀል አስቀመጠች።

ሕይወት አዲስ ነጭ ቲሸርት ላይ ጠረገችና ፍሬሙን አነሳች። አረንጓዴው ዘቢዳር ጥርት ብሎ ወጥቷል። ክብ ወረቀቱ የሸፈነው ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ፀሐይዋ የቲሸርቱ የራሱ ነጭ ሆነች።

ሲደርቅ በካውያ ተኮሱት፤ በማግሥቱ በሳሙና ፈተጉት። ውኃው አረንጓዴ አልሆነም።

«ለሸዋዬ እኔ ልንገራት» አለች ሰፍያ። «የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

የተላቀቀውንም አዲሱንም ቲሸርት ይዛ ሄደች፤ ሕይወት አብራት ሄዳ ከጎኗ ቆመች። ሸዋዬ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ፊቷ አልተፈታም። አረንጓዴውን በጥፍሯ ፋቀችው፣ ጎትታ አየችው፣ ከዚያ በዚህኛው እንዲሠሩ ነገረቻቸው።

ወልቂጤ ላይ ቡድኑ ወደ ሜዳ ሲገባ የቲሸርታቸው ተራራ ከሩቅ ይታይ ነበር። ሕይወት ተመልካቹ መሀል ቆማ ኳሱን ረስታ ጀርባና ደረት ስታይ ዋለች። ከጨዋታው በኋላ፣ የጉንችሬን ቡድን ይዘው የመጡት መምህርት ዓለምዘውድ ቲሸርቱን ማን እንደሠራው እየጠየቁ መጡ። ሁልጊዜ ቀድማ የምትናገረው ሰፍያ ነበረች፤ አሁን ግን ወደ ሕይወት ዞረች።

«እኛ ነን» አለች ሕይወት። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጎላ።

መምህርቷ ለትምህርት ቤታቸው መዝጊያ ቀን ለተማሪዎቻቸው እንዲህ ያለ ቲሸርት ፈለጉ፤ ቀይም፣ ቢጫም፣ አረንጓዴም ያለበት። የሸረፋ ማሽን ይህን በአንድ ከሰዓት እንደሚጨርሰው ሕይወት ታውቃለች። ሰፍያም ታውቃለች።

«በአንድ ቀለም ከሆነ እናደርሳለን ቲቸር» አለች ሕይወት። «ብዙ ቀለም ገና አልቻልንበትም። ክረምት እንለማመዳለን።»

መምህርቷ ወደ ሜዳው አሻግረው ተመለከቱ።

«እንግዲያው ቀይ ይሁን» አሉ።

ሰፍያ ይህን ስትሰማ ቁጢጥ ብላ፣ አፈሩ ላይ በእንጨት ለቀዩ ቲሸርት የሚሆን ሰፊ የእንሰት ቅጠል መሣል ጀመረች።