አናጺው ሲቀና

መምህሯ ጡረታ በወጣች ማግስት ሥራ ጀመረች፤ ደመወዝ የሌለው ሥራ። ዕድሜዋን ሙሉ የሩቅ አገር ታሪክ ስታስተምር ኖራ፣ አንድ ተማሪ «የኛስ ታሪክ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ከተማዋንና በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮች ማን እንደቆረቆረ፣ መንገዱን ማን እንደጠረገ የሚናገር አንድም መጽሐፍ የለም። የሚያስታውሱት ሰዎች ሳያልፉ ልጻፈው ብላ ተነሳች።

በዚህ ከሁሉ በላይ የተደሰተው ጎረቤቷ አናጺው ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ መምህሯም አላገባችም። ከአጥሩ ማዶ ስትስቅ በሰማ ቁጥር መጋዙ ከመስመር ይወጣል። ይህንን ግን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። የመጻፊያ ጠረጴዛ ሠራላትና ልክፈል ስትለው ጣውላው፣ ሚስማሩ፣ ቀለሙ የኔ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ከዚያ ሹፌሩ መጣ።

ወደ ከተማዋ የመጀመሪያውን አውቶቡስ የነዳው እሱ ነው። አርጅቶም ፀጉሩን ወደ ኋላ አበጥሮ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ነው የሚታየው፤ አፉ ደግሞ ማር ነው። መምህሯ ለመጽሐፏ አልፎ አልፎ ትጠይቀው ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን እሱ ቤት መሄድ አዘወተረች። ስትመለስ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «ዛሬ ያጫወተኝን ቢሰሙ!» ትለዋለች።

«እ…» ይላል አናጺው። ተመልሶ ግን ሚስማሩን ከሚገባው በላይ ይቀጠቅጠዋል።

አንድ ቀን መምህሯ የሹፌሩ በር አልዘጋ ማለቱን ስታነሳ፣ «እኔ እሠራለታለሁ! በነጻ!» የሚል ቃል ከአፉ አመለጠ። እሱም ደነገጠ።

ሹፌሩ ቤት ሄዶ በሩን ነቀለ፤ ደጃፉ ላይ አጋድሞ ጠርዙን ሊልግ መላጊያውን ያዘ። ጆሮው ግን ውስጥ፣ መምህሯና ሹፌሩ የተቀመጡበት ነበር።

«ወደዚህ ከተማ የመጣሽበትን ቀን መቼም አልረሳውም» ይላል ሹፌሩ። «ቢጫ ቀሚስ ለብሰሽ ልክ ከኋላዬ ተቀምጠሻል። እኔ መንገዱን ትቼ በመስታወቱ አንቺን ሳይ!»

አንቺ! አናጺው በዚህ ሁሉ ዘመን ከ«እርስዎ» ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። መላጊያውን ገፋ።

«እኔ የምልሽ፣ ይሄ ቤት ለብቻዬ ይሰፋኛል። ጠረጴዛሽን አምጪና እዚሁ ጻፊው። እኔም ብቸኝነቱ ሰልችቶኛል።»

መምህሯ እምቢ አላለችም። አናጺው መላጊያውን ገፋ፣ ደግሞ ገፋ፤ ፍቅፋቂው እግሩን ሸፈነው። በመጨረሻ ጣለውና ዘሎ ገባ።

«ውሸት ነው!»

«ምኑ?» አለ ሹፌሩ።

«በአውቶቡስ አልመጣችም! አውቶቡስህ ወንዙ ዳር ተበላሽቶ ቆሟል። በእግሯ ነው የገባችው፤ ጫማዋን አንጠልጥላ፣ ሻንጣዋን ተሸክማ። ቀሚሷም ቢጫ አልነበረም!»

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። «ስንቱን ሰው ጭኛለሁ ወንድሜ! ላሳምረው ብዬ ነው።»

መምህሯ ግን አልሳቀችም። ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። አናጺው በሩን ሊገጥመው ቢያነሳ፣ ከመላጉ ብዛት አጥሮ ድመት የሚያሾልክ ክፍተት ተረፈ። «አዲስ እሠራልሃለሁ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ተከተላት።

መንገድ ላይ ደረሰባት። «አናደድኩዎት?»

«ቅድም "አልመጣችም" ብለው አልነበር? አንቱታው አሁን ተመለሰ?»

አናጺው አፈረ።

«መጽሐፉን ስጀምር መጀመሪያ የጠየቅኩት ማንን ነው?» አለችው።

«እኔን።»

«ትምህርት ቤቱን የሠሩት አባትዎ ናቸው፣ ያጫውቱኝ ብዬ ስንቴ ደጅ ጠናሁ? ከ"እ" እና ከ"አዎ" በቀር ምን አሉኝ? ያ ሰውዬ ቢዋሽም ያወራል። የኔ ቤት ደግሞ ዝም ማለቱ በዝቷል።»

«ሁሉንም አስታውሳለሁ። ፊትሽ ስቆም ነው የሚጠፋኝ» አለ አናጺው። ከዚያም ፈራ ተባ እያለ፣ «ታዲያ እሱ ዘንድ ትሄጃለሽ?» አላት።

«እንጃ» አለችው። እውነቷን ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አናጺው ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እሷ ቤት መጣና ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠ። ሳይጠየቅ ጀመረ። አባቱ ድንጋዩን ከየት እንዳስጋዘ፣ ግድግዳው ሁለቴ ፈርሶ እንዴት እንደተነሳ አወራ። እሷ እጇ እስኪዝል ጻፈች።

«የመጣሽ ዕለት የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኜ ቆርቆሮ ስመታ ነው ያየሁሽ» አለ ቆይቶ። «ቀሚስሽ አረንጓዴ ነበር፤ ጫፉን ጭቃ ነክቶታል። አባቴ "ሚስማሩን ምታ እንጂ!" እያለ ይጮኻል፤ እኔ መዶሻው ከእጄ መውደቁንም አላወቅኩም። ልነግርሽ አስቤ፣ እሷ አስተማሪ፣ እኔ ማን ነኝ ብዬ ተውኩት። ሌላ አገባሁ። ደግ ሴት ነበረች፤ አልበደልኳትም። ያን ቀን ግን አልረሳሁትም።»

መምህሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምነው? ይሄ አይጻፍም?»

«አይጻፍም። ይሄን ለማንም አላካፍልም።» ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ «ለሹፌሩ ነገ እነግረዋለሁ። የትም አልሄድም» አለችው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ደግሞ ቀናሁ።»

«በማን?»

«በዚያች ባለአረንጓዴ ቀሚስ። የዛሬዋን እኔን እንደዚያ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«እያየሁሽ ነው እንጂ» አለ አናጺው። «ከፊትሽ እንዳልነሳ ብዬ ካልሆነ ወሬውን የማስረዝመው ለምን ይመስልሻል?»