ሦስቴ የተጫነው ቁልፍ

አሮጊቷ ስልኳን እንደጨበጠች ነበር የሞተችው። ቀኝ አውራ ጣቷ ከስክሪኑ በታች ባለችው ክብ ቁልፍ ላይ አርፎ፣ ጥፍሩ ጫፉ ላይ ተሰብሮ ተገኘ። አስከሬኑን ያነሱት ሰዎች ጣቷን ቀስ ብለው አላቀቁ፣ ስልኩን በላስቲክ ከረጢት አሸጉ፣ ከዚያ አስታማሚዋን ይዘው ሄዱ። ይህ የሆነው ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ነው። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ሲሆን፣ አስታማሚዋ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። አርባ ዓመት የደፈነች የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከታሰረች ጀምሮ ልጆቿ ጎረቤት ቤት ነው የሚያድሩት።

መዝገቡ መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ያረፈው ዛሬ ጠዋት ነው። ባልደረቦቿ «ኮስታራዋ» ይሏታል። ስትስቅ ያያት የለም ማለት አይቻልም፤ ሲስቁ ያየቻቸውን ግን አትረሳም።

ታሪኩ በወረቀት ላይ ቀላል ነበር። አሮጊቷ ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት የሠራች ሴት ናት። ዓይኗ ካየ ሦስት ዓመት፣ እግሯ ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አስሙ ሲነሳባት ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ያለውን የመተንፈሻ መሣሪያ አብርቶ ጭምብሉን የሚያጠልቅላት ሰው ያስፈልጋታል። ለዚህ ሲባል ስልኳ እንዲህ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ክቧን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ስትጫን የአስታማሚዋ ስልክ ይጮኻል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጮህ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት አስታማሚዋ ጣሪያው ላይ ብርድ ልብስ እያጠበች ሳለ ግን አልጮኸም። አልጮኸም ያለችው እሷ ናት። የአሮጊቷ ትልቁ ልጅ በፊርማው ያረጋገጠው ሌላ ነው፦ ጮኋል፣ ሰምታ ዝም ብላለች፣ በኋላም የጥሪውን መዝገብ ከሁለቱም ስልኮች አጥፍታለች። ከስልክ ድርጅቱ የተጠየቀው የጥሪ ዝርዝር ገና አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ ሰው መታሰሩ ማንንም አላስቸገረም፤ የታሰረው ሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ።

መርማሪዋ ከረጢቱን ከፈተችና ስልኩን አበራች። ክቧን ቁልፍ ተጫነች። ጠቅ አለች፤ ምንም አልሆነም። ሦስት ጊዜ ተጫነች። አሁንም ምንም የለም።

«ይሄ ስልክ ተመርምሯል?» አለች አጠገቧ የተቀመጠውን ፖሊስ።

«በደንብ! ይሠራል እኮ፤ ይኸው።» ጣቱን ዘርግቶ ስክሪኑ ግርጌ ከተደረደሩት ሦስት ትንንሽ ምልክቶች መካከለኛውን ክብ ነካ። ስልኩ ወዲያው ታዘዘ።

«ቁልፏንስ ተጭነሃት ታውቃለህ?»

«የቷን?» አለና ዝቅ ብሎ አየ። ከዚያ ጆሮው ቀላ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስልኩን ከመረመሩት ሁሉ አንድም ቁልፏን የነካ አልነበረም። ዓይን ያለው ሰው ምን በወጣው።

«ረቡዕ ምን ምን እንደተከፈተበት አንብብልኝ።»

ፖሊሱ አነበበ፤ አንብቦም ሳቁ አመለጠው። «ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር እስከ አምስት ሰዓት፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ የኳስ ጨዋታ። እማማ ኳስ ይወዱ ነበር እንዴ?»

«ማየት የተሳናቸው ሴትዮ፣ ድምፁን ዘግተው?» አለች ኮስታራዋ። ሳቁ እዚያው ቀረ።

አስታማሚዋ ከእስር ክፍል መጣች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ስልክሽ ጮኾ ነበር?»

«አልጮኸም። ማለቴ... አልሰማሁም። ውሃው ተከፍቶ ነበር፣ ነፋስም ነበር። ሁሉም ጮኋል ሲሉኝ እኔም ግራ ገባኝ፣ እናቴ።»

«ከዚያ በፊት መጨረሻ የጮኸው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ማታ። ሮጬ ገብቼ ጭምብሉን አጠለቅሁላቸው፤ ወዲያው ተሻላቸው።»

«ረቡዕ ጠዋትስ ከአንቺ ሌላ ቤት የገባ ሰው አለ?»

«እኔ አራት ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር፤ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስኩ። ስመለስ እማማ ፊታቸው በርቶ ነበር። ‹ትልቁ ልጄ አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ተቀመጠ፤ የሆዴን ሁሉ አጫወትኩት› አሉኝ። ይህን ለፖሊስም ተናግሬያለሁ። ልጃቸው ግን ከእሁድ ወዲህ አልመጣሁም ብለዋል።»

አሮጊቷ የኖረችበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አንዲት ጠባብ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለች። ስልኩን ለአሮጊቷ ያዘጋጀው የዚህ ሱቅ ባለቤት ስለሆነ መርማሪዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው እሱን ነበር፤ ስለ ስልክ የሚያውቅ ሰው ስለ ስልክ ጥፋትም ይጠረጠራል። ሞባይል ሠሪው ስልኩን ተቀብሎ አገላበጠና ምላሱን መታ።

«ቁልፏ አልተበላሸችም። አንድ ሰው አሳርፏታል። ማስተካከያው ውስጥ ‹የስክሪን ላይ ቁልፍ› የሚል አለ። እሱን ካበራሽው ሦስቱ ምልክቶች ይመጣሉ፣ የታችኛዋ ቁልፍ ከሥራ ትወጣለች። እኔ ለእማማ የሰጠሁት ይሄ ጠፍቶ ነው። ለማያይ ሰው ጠፍጣፋ መስታወት ምን ያደርጋል?»

«ሳይታወቅ በስህተት ሊበራ ይችላል?»

«አምስት ገጽ አልፎ? አይችልም። ደግሞ ያበራው ሰው በዚህ አላበቃም። ሲበራ መመለሻዋ ሦስት ማዕዘን በግራ ነው የምትመጣው። ይሄ ግን በቀኝ ናት። ገልብጧታል። ስልክ ሁሉ አንድ አይደለማ! የአንዳንዱ በግራ፣ የአንዳንዱ በቀኝ ነው፤ ሰው ጣቱ የለመደውን ካላገኘ ይናደዳል።»

መርማሪዋ ጥገና የገባውን የሚመዘግብበትን ደብተር ጠየቀችው። ማክሰኞ ዕለት ሦስት ስልኮች ገብተዋል። ስሞቹን አየች፤ ደብተሩን ዘጋች።

የአሮጊቷ ሴት ልጅ የጥርስ ሐኪም ናት። መርማሪዋን የተቀበለቻት ጓንቷን ሳታወልቅ ነው።

«እውነቱን ልንገርሽ። ያቺ ቁልፍ ድሮ የምትደውለው ለእኔ ነበር። በቀን ሃያ ጊዜ! ሰው አፉን ከፍቶ ወንበሬ ላይ ተኝቶ እናቴ ትደውላለች። ከስድስት ወር በፊት ወደ አስታማሚዋ እንዲዞር አስደረግሁ። እሱ ነው የሚበላኝ።»

«ረቡዕ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ጠዋት አራት ሰው ነቅያለሁ፤ ካርዳቸው አለ።»

«ወንድምሽ ረቡዕ እናታችሁ ጋ አንድ ሰዓት ተቀመጠ ይባላል።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ወንድሜ? ሩብ ሰዓት ከተቀመጠ በዓል ነው። እማዬ እኮ ሰው ሳይመጣም መጣ ትል ነበር፤ እኛ እንዳንታማ።»

ትልቁ ልጅ የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። ለመርማሪዋ ከወንበሩ ተነስቶ ወንበር ሳበላት። ሐዘኑ ልኩን የጠበቀ፣ ንግግሩ የታረመ ነው።

«እናቴ ሕልምና እውኑ ይቀላቀልባት ነበር። ያቺ ሴትዮ ደግሞ ራሷን ለማዳን የማትለው የለም፤ አልፈርድባትም። እኔ ከእሁድ በኋላ ያየኋት ረቡዕ አመሻሽ ላይ ነው፤ አስከሬኗን።»

«ስልኩን ያኔ አይተውታል?»

«በከረጢት ውስጥ። በነገራችን ላይ መቼ ነው የሚመለስልን? ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ማስታወሻ ነው።»

የእናቱን ቀለበት አልጠየቀም፤ ነጠላዋንም አልጠየቀም። መርማሪዋ ይህን በልቧ ይዛ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም አሮጊቷ በሞተችበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። አልጋው ተነጥፏል። አስታማሚዋ በሁለት ፖሊሶች መሃል በሩ አጠገብ ቆመች፤ ሐኪሟ መስኮቱን ተደገፈች፤ ሞባይል ሠሪው ጥግ ያዘ፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ያለችውን አንድ ወንበር ወሰደ።

«ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ» አለች ኮስታራዋ። የአሮጊቷን ስልክ አውጥታ አንድ ፎቶ ከፈተችበት። «ከዚህ ገጽ ወደ ኋላ ተመለሱልኝ። በየተራ።»

ሐኪሟ ተቀብላ ከስክሪኑ ጠርዝ ወደ መሃል በጣቷ ጠረገች። ፎቶው አልተነቃነቀም። «የእኔ ስልክ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም፤ በዚህ ነው የሚመለሰው» አለችና መልሳ ሰጠች። ሞባይል ሠሪው ቀድሞ አየ፤ ከዚያ በግራ ያለችውን ሦስት ማዕዘን ነክቶ ተመለሰ። አስታማሚዋ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ስክሪኑን አላየችም፤ ክቧን ቁልፍ ተጫነች። ሦስት ጊዜ። እሷ የምታውቀው እማማ ሲያደርጉ ያየችውን ብቻ ነው።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ተራው ደረሰ። አውራ ጣቱ ሳያመነታ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ። የተከፈቱት ገጾች ሁሉ ተደርድረው ወጡ። እንደገና ቀኙን ነካ፤ እንደገና ሳተ።

«ይቅርታ፣ የእኔ ስልክ በቀኝ ነው» አለና ፈገግ አለ።

«አውቃለሁ» አለች መርማሪዋ። «እናትዎ ሲሞቱም በቀኝ ነበር። ጠዋት ወደ ግራ ያስመለስኩት እኔ ነኝ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ የሚያርፍበት አጣ።

«በቅደም ተከተል ልናገር። ማክሰኞ ማታ ቁልፏ ትሠራ ነበር፤ ረቡዕ ከሰዓት አልሠራችም። በመሃል አንድ ሰው ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ አሳርፏታል። ያ ሰው ዓይን አለው፤ ምክንያቱም በዚያው ጠዋት በዚህ ስልክ ድምፁን ዘግቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ኳስ አይቷል። አስታማሚዋ መድኃኒት ቤት ነበረች፤ ስማርት ስልክም ይዛ አታውቅም። ሐኪሟ ጥርስ እየነቀለች ነበር፤ ጣቷም ስክሪን ይጠርጋል እንጂ ምልክት አይፈልግም። ሞባይል ሠሪው በቀን ሃምሳ ዓይነት ስልክ ስለሚይዝ ግራ ቀኙ ግዱ አይደለም፤ አይቶ ይነካል። መመለሻዋን ወደ ቀኝ የሚገለብጥ ሰው ጣቱ ቀኝ የለመደ ብቻ ነው። አሁን የሚቀረው፣ የራሱ ስልክ ያለው ሰው ለምን በእናቱ ስልክ ኳስ ያያል?»

ሞባይል ሠሪው ወደ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አመለከተ። «ስልካቸው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ እኔ ጋ ነበር። ስክሪኑ ረግፎ።»

«ቁልፏንስ ለምን አሳረፏት?» አለች መርማሪዋ ወደ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዞራ። «ይህን ሳስብ ነው ቀኔን ያባከንኩት። ከዚያ ተጫንኳት። ጠቅ ትላለች። ሠላሳ ዓመት ከጽሕፈት መኪና ጋር የኖረች ሴት ያንን ድምፅ ከሌላ ክፍልም ትለየዋለች። ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ ሌላ ነገር ላይ እንደሆነ ታውቅ ነበር። መስታወት ግን ድምፅ የለውም።»

ከዚያ ሰውየው መናገር ጀመረ፤ ንግግሩ አሁን አልታረመም።

«ልመልሰው ነበር። ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበረኝ፣ ሰዓቱ ሄደብኝ፣ ስልኩን እጇ ላይ አድርጌ፣ ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። ረሳሁት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ረሳሁት።»

«እሱን አምንዎታለሁ» አለች። «መርሳትዎን ሕግ ምን ብሎ እንደሚጠራው ዳኛ ይወስነዋል። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ግን ስልኩን በከረጢት ውስጥ ሲያዩ ምልክቶቹ በርተው ነበር። ያኔ ገባዎት። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው ሦስት ገጽ ጻፉ፤ ይህቺን ሴት ሰምታ ዝም አለች ብለው ፈረሙ። እሱ መርሳት አይደለም።»

ሐኪሟ ከመስኮቱ ተላቀቀች። እያለቀሰች አልነበረም፤ ማልቀስ ይሻል ነበር።

«አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ነበር የምታወራህ?» አለችው ወንድሟን።

እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ አንድ ነገር ፈጥሮ ቢናገር ማንም አይቆጣውም ነበር። እሱ ግን እህቱን ሲያይ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ እላት ነበር» አለ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ አልቀረም።

መርማሪዋ አስታማሚዋን ከመሃል አውጡልኝ ብላ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች፤ የመፈቻ ወረቀቷንም እዚያው አስፈረመቻት። አስታማሚዋ ቀስ ብላ ፈረመች። ስትወጣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ ተነሳና መንገዷ ላይ ቆመ።

«ይቅር በይኝ» አላት።

«እኔ እኮ እነዚህን ሌሊቶች ሁሉ እሳቸውን ነበር ይቅርታ ስጠይቅ የነበርኩት» አለችው። «ሲሚንቶው ላይ ተኝቼ፣ እማማ፣ ጠርተውኝ አልሰማሁዎትም፣ ይማሩኝ እል ነበር። አሁን እኔ ልጆቼ ጋ ልሂድ። ያንን እርስዎ ይበሉት።»

መንገዱን ለቀቀላት፤ እሷም ደረጃውን ይዛ ወረደች።