ፕላስቲክ ያልለበሰው ወረቀት

«ይሄንን አልቀበልም» አለች የዜግነት ቢሮው የመስኮት ሠራተኛ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ወደ ታዳጊዋ ስንጥር መልሳ እየገፋች።

«የእናቴ ዋናው እኮ ነው።»

«ዋናው መሆኑን በምን ልወቅ? ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ተጭኖ ጎልቶ የወጣ ነው፤ በጣቴ ዳብሼ ነው የማረጋግጠው። እናንተ ፕላስቲክ አልብሳችሁታል።»

ስንጥር ዞር ብላ አባቷን አየችው። አባቷ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ የላሚኔት ማሽን ከገዛ ወዲህ እጁ የገባ ወረቀት ሁሉ ፕላስቲክ ሳይለብስ አይወጣም። «አንድ ቀን እኔንም ያለብሰኛል» ትላለች እናቷ።

እናቷ የዚህ አገር ዜጋ ነበረች። ባሕር ማዶ ስትኖር ዜግነቷን ቀየረች፣ ፓስፖርቷን መለሰች፣ ስንጥርንም እዚያው፣ የዚያ አገር ተወላጅ ከሆነው አባቷ ወለደቻት። ሕጉ በወላጅ የቀድሞ ዜግነት ተመርኩዞ ለዜግነት ማመልከት ይፈቅዳል፤ ግን ዓሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላ ብቻ ነው። ስንጥር ሰኞ ይሞላታል። ዛሬ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ቢሮው በአሥራ አንድ ይዘጋል።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማሪዎች ዝርዝር በተለጠፈ ቁጥር ስሟ ከሁሉም በታች ለብቻው ይጻፋል፤ ከጎኑም «የውጭ ዜጋ» ይላል። ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ የኖረችው እዚህ ነው። ያ ጽሑፍ አንጀቷን ያሳርራታል።

ኮሪደሩ ላይ አባቷ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሱቅ ኮፒው አለኝ። በወፍራም ወረቀት ባወጣው ማን ይለየዋል? ጥፋቱም የኔ ነው፣ እኔው ላስተካክለው።»

አባቷ ለዚህ ሥራ አምስት ደቂቃ እንደማይፈጅበት ስንጥር ታውቃለች። ደግሞስ እናቷ በእርግጥ እዚህ ተወልዳ የለ? ልቧ ወደዚያ አዘነበለ። ነገር ግን ዝርዝሩ ላይ ከጓደኞቿ ጋር የተሰለፈውን ስሟን ባየች ቁጥር ያ ወፍራም ወረቀት ትዝ ሊላት ነው።

«አይሆንም አባባ» አለች። «ደግሞ ሴትየዋ የምታነበው በጣቷ ነው።»

አባቷ አንገቱን ደፋ። እሷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሰነዶች ዝርዝር ከላይ ጀምራ አነበበች። ሰው ሁሉ ሁለት መስመር አንብቦ ነው የሚተወው። ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ወይም ወላጅ ዜጋ ሳሉ ከመንግሥት ተቋም የተሰጣቸው፣ ዜግነታቸውን የሚገልጽ ማንኛውም ዋና ሰነድ» ይላል።

«አባባ፣ እማዬ ፕላስቲክ እንዳታለብሰው ብላ የከለከለችህ ወረቀት አለ?»

አባቷ ትንሽ አሰበና ፊቱ ፈካ። «የመንግሥት ስፌት ትምህርት ቤቱ ምስክር ወረቀት። አሥር ዓመት ለምኛታለሁ፣ እምቢ አለች።»

እናቷ የምትሰፋበት ሱቅ ድረስ ሮጡ። እናቷ አፏ ውስጥ የያዘችውን መርፌ አውጥታ ነገሩን ሰማች፤ ከዚያ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ስባ ከክሮቹ ሥር አንድ ወረቀት አወጣች። ጠርዙ በዘይት ወዝቷል። ፎቶው ላይ ሹሩባ የተሠራች ቀጭን ልጅ አለች፣ ቁርጥ ስንጥርን። ከፎቶው ሥር «ዜግነት» የሚለው መስመር ተሞልቷል፤ ማኅተሙ ለጣት ይሻክራል።

«ወረቀት ትንፋሽ ይፈልጋል ስለው ይስቅብኝ ነበር» አለች እናቷ፣ ሱቋን እየቆለፈች።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሦስቱም መስኮቷ ፊት ቆሙ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ምን ምን ይላል?»

«የስፌት መኪና ዘይት ነው» አለች እናቷ።

ሠራተኛዋ አውራ ጣቷን ማኅተሙ ላይ አመላለሰች። ስንጥር ያን ጣት ብቻ ታያለች። በመጨረሻ ሴትየዋ ደረሰኝ ጽፋ ማኅተም መታችበት።

«በሰዓቱ ገብቷል። ሰነድሽ ሙሉ ነው፣ ልጄ። የቀረው የኛ ሥራ ነው።»

ስንጥር እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አባቷ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ደስታው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ደረጃውን ሲወርዱ ሦስቱም ባንድ ላይ ያወራሉ፣ የሚሰማ ግን የለም።

በሩ ጋ ሲደርሱ አባቷ ደረሰኙን ተቀብሎ በሁለት እጁ ያዘው። አገላብጦ አየው፣ ጠርዙንም በጣቱ ለካ።

«እንዳይቀደድ ብዬ ነው እንጂ...» አለ።

ስንጥር ደረሰኙን ከእጁ ቀስ አድርጋ ወሰደች።

«እማዬ፣ መሳቢያሽ ውስጥ ቦታ ይኖራል?»