የተሰረቀችው «ዬ»

በሰማዝር መንግሥት አንድ ማለዳ ጥላ የሌለው ወፍ በዋና ከተማዋ ላይ ሦስት ጊዜ ዞረ። ድምፀ-በል ይባላል፤ ላባው አመድ የሚመስል፣ ከሰው አፍ ቃል እየለቀመ የሚኖር ፍጡር ነው። የዚያን ዕለት የወሰደው ግን አንዲት ፊደል ብቻ ነበር፤ ሰዎች የሚወዱትን ሰው ስም የሚያቆላምጡባትን «ዬ»ን።

መጀመሪያ ሕዝቡ ሳቀ። «ባሌ ዛሬ እንደ ዳኛ ጠራኝ» ያለች ሴት ነበረች። በሦስተኛው ቀን ሳቁ ቆመ። ከየጥንዱ አንዱ ከጣቱ ጀምሮ ድንጋይ ይሆን ጀመር።

ወለላ የጋሻ ሠሪ ልጅ ናት፤ ካገባች ገና ስድስት ወሯ ነው። በገና ሠሪው ባሏ አዝመራ፣ ድንጋዩ አንገቱ ላይ ሲደርስ፣ «እስቲ ጥሪኝ» አላት።

«አዝመራ» አለች። የቀረውን አፏ ከለከላት።

«በረደኝ» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ወለላ የአባቷን ጦር ይዛ አደባባይ ወጣች። «ሰማይ ይስማኝ! የተሰረቀችብንን ሳልመልስ የቤቴን ደፍ ብረግጥ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች። የተከተላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሚስቱ ድንጋይ የሆነችበት የቤተ መንግሥቱ አጋፋሪ፣ ሽማግሌው ድልነሳ።

«ልጄ፣ ጉልበቴ ዳገት አይወድም» አላት። «ግን ቤት ብቀርስ ማን ይቆጣኛል?»

ወፉ የበረረበትን የጨው ሜዳ በአምስት ቀን አቋረጡ። እዚያ የሚኖር ዘንዶ በቅሏቸውን በላባቸው፤ የድልነሳንም ትከሻ ቀደደው። በስድስተኛው ቀን ድምፀ-በልን ከሜዳው ማዶ ካለ ገደል አፋፍ አገኙት። ወለላ ጦሯን ወርውራ ክንፉን ከዓለቱ ጋር ሰፋችው።

«ብትገድዪኝ የዋጥኳት አብራኝ ትሞታለች» አለ ፍጡሩ። «ልመልሳት። በምትኳ ግን በፍቅር እጅግ የተጠራ አንድ ስም ስጡኝ። የሰጠ ሰው ያንን ስም ዳግመኛ አይጠራውም።»

ድልነሳ ተንበረከከ። «የሚስቴን ስም ውሰድ!»

ፍጡሩ አሸተተው። «ይህ ስም አልተነካም። አርባ ዓመት ምን ስትላት ኖርክ?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «‹አንቺ› ነው የምላት።»

ወለላ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ተራው የእሷ መሆኑ ገባት።

«ድንጋይ የሆኑትን ማን ያነቃቸዋል?» ስትል ጠየቀች።

«አፍቃሪያቸው፣ ስማቸውን አቆላምጦ ሲጠራ። ሌላ ሰው አይችልም።»

ከከተማዋ ስትወጣ በየደጁ ያየቻቸውን አሰበች፤ የታጠበ ልብስ እንደያዘች የቀረችውን፣ እጁን ወደ ሚስቱ እንደዘረጋ የቀረውን። ከዚያ የባሏን ስም ለመጨረሻ ጊዜ ጠራችው፤ ያለ «ዬ»። ፍጡሩ ስሙን ውጦ «‹ዬ› ከእናንተ ጋር ከተማ ትገባለች» አለ።

ሰማዝር ሲደርሱ ቀትር ነበር። ከተማዋ በጥሪ ተሞልታለች፤ ድንጋይ እየተሰነጠቀ ሰው ይወጣል፤ ሰው ሰው ላይ እየተጠመጠመ ያለቅሳል። ድልነሳ ከሚስቱ ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አመለወርቅዬ» አለ።

ሴትዮዋ ዓይኗን ገልጣ አየችው። «ምን አጥፍተህ ነው?»

ንጉሡ ዕለቲቱ በየዓመቱ የፍቅር በዓል ሆና እንድትከበር አወጀ፤ ለወለላም የወርቅ ጋሻ ላከላት። ጋሻውን ግድግዳው ላይ ሰቅላ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ከቀዝቃዛ ትከሻው ላይ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አፏን ከፈተች። ስሙ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። የቀረላትን አለች።

«…ዬ።»

አልነቃም።

በሰማዝር ዛሬም በዓሉ ሲደርስ ጥንዶች ቀትር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው አደባባይ ይወጣሉ። ማንም የማንንም ስም ከመጥራቱ በፊት ሁሉም በአንድ ድምፅ ስም የሌላትን «ዬ» ይላሉ። ከዚያ ለአፍታ ጸጥ ይላሉ፤ አንዲት ሴት የከፈተችውን አፍ መልሳ የምትዘጋበትን ጊዜ ያህል።