ዓይኗን ማን አየ?

የአእዋፍ ተመራማሪው በቤተ መዘክሩ ውስጥ፣ በገዛ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው መዶሻ የጥጤ ነበር። ጥጤ የሞቱ ወፎችን ጥጥ ጎስጉሶ የሚያደርቅ ባለሙያ ነው። ከሟች ጋር ተኳርፈው ስለነበር ፖሊሶቹ ሳይውሉ ሳያድሩ በካቴና አሰሩት። የሟች ሚስትም በሩ ላይ ለተሰበሰበው ሰው «ገዳዩ ይኸው!» ብላ ጮኸች።

መርማሪዋ ግን ችኮላ አትወድም። ጠረጴዛው ላይ ከተጣለ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ገና ያልደረቀ የወፍ ኩስ አገኘች።

«ይህ ምን ይያዝበታል?»

«በሕይወት ያለች ወፍ» አለ ጥጤ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ሟች ወፎች ከሚያጠናበት ተራራ ከረጢቱን ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። ምን እንዳለበት አልጠየቅሁትም፤ ተኳርፈናላ!»

«ባሌን በልተህ ተረት ታወራለህ?» አለች ሚስትየው።

የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ትከሻውን ሰበቀ። «ሟች ያገኛት አዲስ የወፍ ዝርያ ከዚያ ተራራ በቀር የትም የለችም፤ እዚያም አልቃለች። ተራራው ለድንጋይ ፈላጮች ይሰጥ ብዬ የፈረምኩት ለዚህ ነው።»

«እርስዎ አይተዋት ያውቃሉ?»

«ደርቃ፣ መሳቢያ ውስጥ። እዚህ ክፍል ከገባሁ ወር አልፎኛል። ደግሞ ለዚያች ዓይነ ቢጫ ጩጬ ብሎ ሰው ይገዳደላል?»

መርማሪዋ መሳቢያውን ሳበች። የደረቀችውን ወፍ አየች፤ መዝገቡንም አነበበች። ከዚያ ሦስቱንም አጠገቧ አቆመች።

«በዓለም ያለችው ናሙና ይህች ብቻ ናት። ጥጤ፣ ዓይኗ ምን ዓይነት ነበር?»

«እንጃ። ሞታ ስትገኝ ጉንዳን በልቶት ነበር። እኔ የሞላሁት ጥጥ ነው።»

«መዝገቡም “አይታወቅም” ይላል። ታዲያ ጌታዬ፣ ቢጫ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«በግምት ነው!»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የበር ጥበቃው ቦርሳ ስለሚፈትሽ ከከረጢቱ የወሰዷትን ወፍ ይዘው አልወጡም። ቢሮዎ ይፈተሽ።»

ፖሊሱ በመሐረብ የተጠቀለለች፣ አንገቷ የተጠመዘዘ ወፍ ይዞ ተመለሰ። ግማሽ የተከደነው ዓይኗ ቢጫ ነበር።

«ሟች በሕይወት አምጥቶ አሳየዎት» አለች መርማሪዋ። «ወፏ ካለች “አልቃለች” ብለው የፈረሙት ሐሰት ነው። ደብቃት አሉት፤ እምቢ አለ። ጀርባውን ሲሰጥዎት፣ ከጥጤ ጋር መኳረፉን ስለሚያውቁ፣ የጥጤን መዶሻ አነሱ።»

«የስንዝር ወፍ ልታዋርደኝ!» ብሎ ጮኸ ኃላፊው። ከዚህ በላይ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም።

ካቴናው ከጥጤ እጅ ወደ ኃላፊው እጅ ዞረ። ሚስትየው ቀረብ አለች።

«ወንድሜ፣ ሐዘን አሳብዶኝ...»

«ወንድምሽ አይደለሁም» አለ ጥጤ የእጁን ሰንበር እያሸ። «ገዳይ ያልሽኝ በር ላይ፣ ሰው ፊት ነው። እዚያው ወጥተሽ አይደለም በይ።»

ይቅር እንዲላት ጥቂት ጠበቀች። እሱ ግን በእጁ በሩን አሳያት። አንገቷን ደፍታ ወደ በሩ ሄደች፤ እሱም ስትናገር ሊሰማ ተከተላት።